ሳይቆጠሩ የቀሩት ወይዘሪት፤ የሚስ ማርፕል አመጣጥና የአረጋውያን መርማሪዎች ልብ ወለድ ታሪክ

በዲሴምበር 1927 ዓ.ም. «ሮያል መጋዚን» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት አንድ አጭር ልብ ወለድ አውጥቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ የሚፈጸመው ሴንት ሜሪ ሚድ በምትባል ምናባዊ የገጠር መንደር፣ በአንዲት አሮጊት ቤት ውስጥ ነው። ተሰብሳቢዎቹ እልባት ያልተገኘላቸውን ምስጢሮች በየተራ እያነሡ፣ ከመካከላቸው ትክክለኛውን ፍቺ ማን እንደሚደርስበት ሊፈታተኑ ይስማማሉ። አንዱ የስኮትላንድ ያርድ የቀድሞ አዛዥ፣ አንዱ የሕግ አዋቂ፣ አንዱ ቄስ፣ አንዱ ደራሲ፣ አንዷም ሠዓሊ ነበሩ። ሠዓሊዋ የተሰብሳቢውን ብዛት ብትቆጥር አምስት ብቻ ሆነባት፤ ስድስት ብንሆን ይሻል ነበር ስትልም፣ ከወንበራቸው ላይ ሆነው ነጭ ሹራብ ይሠሩ የነበሩት የቤቱ ባለቤት እሳቸውን መርሳቷን በፈገግታ አሳሰቧት። ምሽቱ ሲገባደድ የምስጢሩን ቋጠሮ የፈቱት እኒያው ሳይቆጠሩ የቀሩት አሮጊት ሆነው ተገኙ።

እኒህ አሮጊት ሚስ ጄን ማርፕል ናቸው። ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲ ከዚያች ምሽት ጀምሮ እስከ ሕይወቷ ፍጻሜ ድረስ በ12 ረጃጅም ልብ ወለዶችና በ20 አጫጭር ታሪኮች ውስጥ አሰልፋቸዋለች። ሹመት የላቸውም፤ መሣሪያ አይታጠቁም፤ የምርመራ ክፍል አያውቁም፤ ደመወዝም ከማንም አይቀበሉም። ያላቸው ነገር ቢኖር የሹራብ መሥሪያ፣ የአትክልት ቦታ፣ የማይደክም ጆሮና ከሰው ልጅ ጠባይ ጋር የረጅም ዘመን ትውውቅ ብቻ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ከዚያ ቀደም በብርቱ ወጣቶችና በረቀቁ ሊቃውንት ተይዞ ወደነበረው የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ እንዴት ገባች? ለምንስ በዚያን ጊዜ? ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የተነሣ ቢመስልም፣ መልሱ ከአንድ ኅብረተሰብ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ከሚስ ማርፕል በፊት

የለንደን ፖሊስ ድርጅት የተቋቋመው በ1829 ሲሆን፣ ወንጀልን ብቻ የሚመረምር ልዩ ክፍል የተጨመረበት በ1842 ነው። ከዚህ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1841፣ አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ ዱፐን የተባለውን ፓሪሳዊ መርማሪ የፈጠረበትን አጭር ልብ ወለድ አሳትሟል። እንግዲህ የልብ ወለዱ መርማሪ ከመንግሥቱ መርማሪ ክፍል በአንድ ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። ዱፐን የፖሊስ ባልደረባ አልነበረም፤ ፖሊሶች የተሳናቸውን በማሰብ ኃይል ብቻ የሚፈታ ሰው ነበር። በ1887 ለአንባቢ የቀረበው ሼርሎክ ሆልምስም የዚሁ ዘር ተወላጅ ነው። ሁለቱም ወንዶች፣ ሁለቱም ብቸኞች፣ ሁለቱም ከተራው ሰው እጅግ የላቀ አእምሮ ያላቸው ሆነው ተሥለዋል።

ከዚህ መሥመር ወጣ ያለ ሥራ ያቀረበችው አና ካትሪን ግሪን የተባለች አሜሪካዊት ናት። የሕግ ጠበቃ ልጅ የነበረችው ይህች ደራሲ በ1878 ባሳተመችው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ታላቅ ዝናን አገኘች። በ1897 ደግሞ ሚስ አሚሊያ በተርወርዝን ፈጠረች። በተርወርዝ በኒውዮርክ ከተማ የሚኖሩ፣ በዘራቸው የሚኮሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋና ትዳር ያልያዙ ሴት ናቸው። አንድ ሌሊት በመስኮታቸው ሲመለከቱ፣ ባለቤቶቹ በሌሉበት በጎረቤት ቤት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሲገቡ ያያሉ፤ ወንዱ ብቻውን ሲወጣም ያያሉ። በማግሥቱ የሴት አስከሬን ይገኛል። ሚስ በተርወርዝ እኔ ወሬ አነፍናፊ አይደለሁም እያሉ የሚያነፈንፉ፣ ከፖሊሱም ጋር የሚፎካከሩ፣ አንባቢንም የሚያስቁ ሴት ነበሩ። ከዚህ ወዲህ የመጡት አሮጊት መርማሪዎች ሁሉ ታላቅ እኅት ቢባሉ ስሕተት አይሆንም።

ሌላው ቀዳሚ በ1910 ብቅ ያለው የጂ. ኬ. ቼስተርተን አባ ብራውን ነው። ይህ አጭር፣ ክብ ፊት ያለውና ጃንጥላውን መያዝ እንኳ የሚቸግረው ቄስ፣ ሲያዩት የዋህ ይመስላል። ነገር ግን የነፍስ አባት ሆኖ የብዙ ሰው ኃጢአት ሲሰማ የኖረ በመሆኑ፣ ክፋትን ከሌቦችም ከፖሊሶችም አብልጦ ያውቃል። ቼስተርተን በዚህ ገጸ ባሕርይ ያስተማረው፣ ዕውቀት በማይጠበቅበት ቦታ ሊገኝ እንደሚችል ነው።

ከጦርነቱ በኋላ

ሆኖም ያላገቡ አሮጊት መርማሪዎች በብዛት የታዩት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የዶሮቲ ሴየርስ ሚስ ክሊምፕሰን በ1927፣ ሚስ ማርፕል በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ የፓትሪሺያ ዌንትወርዝ ሚስ ሲልቨር በ1928፣ የግላዲስ ሚቼል ሚስስ ብራድሊ በ1929 ተከታትለው መጡ። ሚስ ሲልቨር ቀድሞ የሰው ቤት ልጆች አስተማሪ የነበሩና እንደ ሚስ ማርፕል ሹራብ ከእጃቸው የማይለይ ናቸው። ሚስስ ብራድሊ ግን ባል አግብተው የሚያውቁ የአእምሮ ሕክምና ሊቅ ስለሆኑ፣ ከቡድኑ በጠባያቸው እንጂ በኑሯቸው አይመደቡም። አራት ደራስያት በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ዓይነት ገጸ ባሕርይ መድረሳቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው ለማለት ያስቸግራል።

ምክንያቱን ለመረዳት የ1921ን የሕዝብ ቆጠራ መመልከት ይጠቅማል። በዚያ ቆጠራ መሠረት በእንግሊዝና በዌልስ የሴቶች ቁጥር ከወንዶች ከ1.7 ሚሊዮን በላይ በልጦ ተገኘ። ልዩነቱ ቀድሞም የነበረ ሲሆን፣ ጦርነቱ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶችን በመፍጀቱ ይበልጥ ሰፋ። ጋዜጦች ባል ሊያገኙ የማይችሉትን እኒህን ሴቶች «ትርፍ ሴቶች» እያሉ ይጽፉባቸው ጀመር። በሰው ላይ ትርፍ የሚል ቃል መለጠፍ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማስረዳት አያሻም፤ በእኛም ዘንድ «ቆሞ ቀር» የሚለው ቃል ስንቱን ቅስም እንደሰበረ የታወቀ ነው። ሴቶች በ30 ዓመታቸው ድምፅ እንዲሰጡ የተፈቀደው በ1918 ሲሆን፣ ከወንዶች እኩል በ21 ዓመታቸው እንዲመርጡ የተደረገው በ1928 ነበር። ይኸውም ሚስ ማርፕል ለአንባቢ በቀረቡ በዓመቱ መሆኑ ነው።

ዶሮቲ ሴየርስ ነገሩን በግልጽ አንሥታዋለች። በ1927 ልብ ወለዷ ውስጥ ዋናው መርማሪ ሚስ ክሊምፕሰንን በደመወዝ ይቀጥራቸዋል፤ አሮጊቶች ያለ ጥርጣሬ ማንንም ጠይቀው ሊረዱ ሲችሉ፣ ይህ ሁሉ ችሎታ በከንቱ መባከኑ ሞኝነት ነው ብሎ ያምናል። ክሪስቲ ግን ይህን ክርክር አላነሣችም፤ አሮጊቷን አስቀምጣ፣ ሌሎቹ ሳይቆጥሯቸው እንዲቀሩ አድርጋ፣ ፍርዱን ለአንባቢ ተወችው።

የደራሲዋ ሕይወት

አጋታ ክሪስቲ በ1890 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ቶርኪ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ተወለደች። በጦርነቱ ጊዜ በከተማዋ ሆስፒታል መጀመሪያ በነርስነት፣ ኋላም በመድኃኒት ቤት ሠራች፤ በ1917 የመድኃኒት ቅመማ ፈተና አልፋለች። የመጀመሪያ ልብ ወለዷን የጻፈችው በዚሁ የሥራ ዘመን ሲሆን፣ መጽሐፉ በ1920 ታተመ። መርዝ በሥራዎቿ ሁሉ የበዛው በቅርብ ስለምታውቀው ነው።

1926 ለእርሷ እጅግ መራራ ዓመት ነበር። በአፕሪል እናቷ ሞተች፤ ባሏም ሌላ ሴት መውደዱን ነግሯት ፍቺ ጠየቀ። ዲሴምበር 3 ቀን ምሽት ከቤቷ በመኪና ወጥታ ጠፋች። ፖሊሶችና በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሜዳና ኩሬ አሰሱ፤ ጋዜጦች በየቀኑ አዲስ ግምት አወጡ፤ ባሏም በጥርጣሬ ዓይን ታየ። ከ11 ቀን በኋላ በሰሜን እንግሊዝ በአንድ ሆቴል ውስጥ በሌላ ስም ተመዝግባ ተገኘች። በኋላ በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ ውስጥ ስለነዚህ ቀናት አንድም ነገር አልተናገረችም። ምስጢርን መፍታት ሙያዋ የነበረ ደራሲ የራሷን ምስጢር ዘግታ ሄዳለች።

ስለ ሚስ ማርፕል አመጣጥ ግን ዝም አላለችም። በ1977 ከሞት በኋላ በታተመው በዚሁ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ሁለት ምንጮችን ትጠቅሳለች። የመጀመሪያው፣ ሰዎችን ደስ የምታሰኝ ሆና ሳለ ከማንም ዘንድ መጥፎውን የምትጠብቅ፣ ግምቷም ብዙ ጊዜ በሚያስደነግጥ አኳኋን ልክ ሆኖ የሚገኝ የሴት አያቷ ናት። ሁለተኛው፣ በ1926 በታተመው በታዋቂው የሮጀር አክሮይድ ታሪክ ውስጥ የምትገኘው ካሮሊን ሼፐርድ ናት። ካሮሊን ከቤቷ ሳትወጣ የመንደሩን ወሬ ሁሉ የምታውቅ የሐኪሙ እኅት ናት። መጽሐፉ ለቲያትር ሲዘጋጅ ጸሐፌ ተውኔቱ ካሮሊንን አውጥቶ በምትኳ ቆንጆ ወጣት ልጃገረድ አስገባ። ክሪስቲም በዚህ እጅግ ተቆጣች፤ ሚስ ማርፕል የተወለዱት ምናልባት ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም ትላለች።

እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ የምርመራ ጉዳይ ትነሣለች። ተውኔቱ በመድረክ ላይ የታየው በሜይ 1928 ነው፤ የሚስ ማርፕል የመጀመሪያ ታሪክ ግን የወጣው ከዚህ ቀደም ብሎ በዲሴምበር 1927 ነው። ስለዚህ ወይ ደራሲዋ የተውኔቱን ጽሑፍ መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት አይታዋለች፤ ወይም በእርጅና ዘመኗ የሁለቱን ነገሮች ቅደም ተከተል አዛውራዋለች። ሁለቱም ሊሆን የሚችል ነው። ያም ሆነ ይህ ቁም ነገሩ አይለወጥም፤ አሮጊቷ ለመድረክ አትመችም ተብላ በቆንጆ ልጅ መተካቷ ደራሲዋን እስከ መጨረሻው ቆርቁሯታል።

የሚስ ማርፕል ዘዴ

ሚስ ማርፕል የተገኙበት የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ በ1930 ታተመ። በመንደሩ ቄስ ቤት፣ በቄሱ የጽሕፈት ክፍል ውስጥ አንድ በብዙዎች የተጠሉ ኮሎኔል በጥይት ተገድለው ይገኛሉ። ታሪኩን የሚተርከው ቄሱ ራሱ ነው። ሚስ ማርፕል አትክልት ሲኮተኩቱ የማይታያቸው ነገር እንደሌለ፣ ወፍ ለማየት ብለው የሚይዙት የሩቅ ማሳያ መነጽርም ከወፍ ሌላ ብዙ ነገር እንደሚያሳያቸው ቄሱ ያስረዳል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አሮጊቷ ከሐሜተኞቹ የመንደር ሴቶች እንደ አንዷ ናቸው፤ ቸርነታቸውና ገርነታቸው የጎላው በኋለኞቹ መጻሕፍት ነው።

የሚስ ማርፕል የምርመራ ዘዴ ማመሳሰል ነው። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ የሚለው አነጋገር የእሳቸውን አሠራር ጠቅልሎ ይገልጸዋል። ስለ ከባድ ወንጀል ሲወራ፣ እሳቸው ሳይጠየቁ አንዲት ጎረቤታቸው ከሱቅ የገዛችው ትንሽ የባሕር እንስሳ ቤቷ ስትደርስ ከእጇ ስለ መጥፋቱ ይተርካሉ። አድማጮቹ ሳቃቸውን ይውጣሉ። ነገር ግን በመንደር ውስጥ የሚፈጸመው ጥቃቅን ማጭበርበርና በታላላቅ ቤቶች የሚፈጸመው ግድያ ከአንድ የሰው ጠባይ የሚመነጩ ስለሆኑ፣ ትንሹን በሚገባ የተረዳ ትልቁን ለማወቅ አይቸገርም።

ይህ የአሠራር ዘዴ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። በመስኮት ጥግ ጀምሮ በሰያፍ የሚወርድ የግድግዳ ስንጥቅ የሚያይ መሐንዲስ፣ ገና ስሌት ሳይጀምር ቀድሞ ያየውን ተመሳሳይ ስንጥቅ ያስታውሳል፤ የመሠረቱ አንዱ ወገን ከሌላው ይልቅ ሰምጦ እንደሆነም ይጠረጥራል። ጥርጣሬው ማስረጃ አይደለም፤ ወዴት መቆፈር እንዳለበት ግን ይነግረዋል። ሚስ ማርፕል በ1930ው መጽሐፍ ውስጥ ነገሩን በሌላ ምሳሌ ያስረዳሉ፦ ፊደል ገና የሚቆጥር ሕፃን ቃልን በየፊደሉ ካልዘለቀው አያነብም፤ አዋቂ ግን ቃሉን ብዙ ጊዜ ስላየው በአንድ እይታ ያውቀዋል። የሴት ደመ ነፍስ እየተባለ የሚናቀው ነገር፣ በእሳቸው አስተያየት፣ የረጅም ልምድ ንባብ እንጂ ምትሐት አይደለም።

ይህ ማብራሪያ በጊዜው ልዩ ትርጉም ነበረው። ሮናልድ ኖክስ የተባለው ካህንና ደራሲ በ1929 የምርመራ ልብ ወለድ አሥር ደንቦችን አውጥቶ ነበር። ከነዚህም አንዱ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ እንዳይደብቅ የሚያዝ ነው። በ1930 በለንደን የተቋቋመው የመርማሪ ልብ ወለድ ደራስያን ክበብ ደግሞ አባላቱን፣ ምስጢርን በመለኮታዊ መገለጥ፣ በሴት ደመ ነፍስ ወይም በአጋጣሚ እንዳይፈቱ በጨዋታ መልክ ያስምል ነበር። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ቼስተርተን ሲሆን፣ ክሪስቲም በዕድሜዋ ማምሻ ይህንኑ ቦታ ይዛለች። ስለዚህ ሚስ ማርፕል እንደ ማንኛውም መርማሪ ስሌታቸውን ለአንባቢ ማሳየት ነበረባቸው፤ አሳይተዋልም።

ከጨዋታው በስተጀርባ ያለው ዕውቀትም ቀልድ አልነበረም። ሚስ ማርፕል በሌሉበት በ1961 በታተመ አንድ ልብ ወለዷ ውስጥ ክሪስቲ ታሊየም የተባለውን መርዝ ምልክቶች፣ በተለይም የጠጉርን መርገፍ ገልጻለች። በ1977 ከኳታር ወደ ለንደን የመጣ አንድ ሕፃን ሕመሙ ሊታወቅ ባልቻለበት ሰዓት፣ ያን መጽሐፍ ታነብ የነበረች ነርስ ምልክቶቹ ተመሳሳይ መሆናቸውን ለሐኪሞቹ ተናገረች። ምርመራው ሲደረግ ታሊየም ተገኘ፤ ሕፃኑም ዳነ። ሐኪሞቹ ልብ ወለድ ምን ያውቃል ብለው ቢስቁባት ኖሮ ውጤቱ ምን ይሆን እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ነቀፌታውና መልሱ

የዚህ ዓይነቱ ልብ ወለድ ነቃፊ አላጣም። አሜሪካዊው ሬይመንድ ቻንድለር በ1944 ባወጣው ድርሰቱ፣ እነዚህ ታሪኮች ከእውነተኛው ዓለም ወንጀል የራቁ፣ በሰው ሠራሽ ቅንብር የተገጣጠሙ ናቸው ብሏል። ሐያሲው ኤድመንድ ዊልሰን ደግሞ በ1945 አክሮይድን ማን ገደለው ብሎ የሚጨነቅ ማን ነው የሚል ርእስ ሰጥቶ ተሳልቆባቸዋል። ከነቀፌታው እውነትነት ያለው አለ። በአንዲት ትንሽ መንደር ያን ያህል ሰው አይገደልም። የቤት ሠራተኞችም በብዙዎቹ ታሪኮች ውስጥ የሚታዩት እንደ ሞኝና ፈሪ ሆነው ነው፤ የዘመኑ የመደብ ንቀት በግልጽ ይነበባል።

ሆኖም በ1953 የታተመው አንድ የሚስ ማርፕል ልብ ወለድ ለዚህ ነቀፌታ ከፊል መልስ ይሰጣል። በአንድ ሀብታም ቤተሰብ ውስጥ በተከታታይ ሞት ይደርሳል። ከሟቾቹ አንዷ ግላዲስ የምትባል የቤት ሠራተኛ ናት። ወላጅ የሌላት፣ መልከ ቀናም ብልኅም ያልሆነች፣ የቤት ሥራ ሚስ ማርፕል ያስተማሯት ልጅ ነበረች። ገዳዩ አንቆ ከገደላት በኋላ በአፍንጫዋ ላይ የልብስ መቆንጠጫ ሰክቶባታል። ሚስ ማርፕል ወደዚያ ቤት የሚጓዙት ስለ ሀብታሞቹ ብለው አይደለም፤ ለዚያች ማንም ላልቆጠራት ልጅና በሞቷም ላይ ስለ ተፈጸመባት መዋረድ ተቆጥተው ነው። እሳቸው ራሳቸው ያልተቆጠሩ ስለ ነበሩ፣ ያልተቆጠረችዋን አልረሱም።

ሁለተኛው መልስ የንጹሖች ጉዳይ ነው። በ1932 በታተመው የአጫጭር ታሪኮች መድበል ውስጥ አንድ ሰው ሞቶ አራት ሰዎች ይጠረጠራሉ። የቀድሞው የፖሊስ አዛዥ እንደሚለው፣ ከአራቱ አንዱ ወንጀለኛ ቢሆንም ከባዱ ነገር እውነቱ ካልታወቀ ሦስቱ ንጹሖች እስከ ዕድሜ ልካቸው በጥርጣሬ ጥላ ሥር መኖራቸው ነው። በ1926 ጋዜጣው ሁሉ ስለ ቤቷ ሲያወራ ያየች ደራሲ ይህን ሐሳብ ደጋግማ ማንሣቷ አያስደንቅም። የጨዋታ መልክ ያለው ልብ ወለድ በውስጡ የያዘው ቁም ነገር ይህ ነው፤ እውነት መገኘት ያለበት ወንጀለኛው እንዲቀጣ ብቻ ሳይሆን፣ የቀረው ሰው ጎረቤቱን ቀና ብሎ ለማየት እንዲችልም ነው።

ከዚያ ወዲህ

ክሪስቲ ሚስ ማርፕልን ገና ከጅምሩ ከ65 እስከ 70 ዓመት የሚሆናቸው አድርጋ መፍጠሯ ኋላ ላይ ሳያስቆጫት አልቀረም። የመጨረሻ ሆኖ የተጻፈው የሚስ ማርፕል ልብ ወለድ በ1971 ሲወጣ፣ በሒሳብ ቢሰላ አሮጊቷ ከመቶ ዓመት በላይ ሊሆናቸው ነው። በጦርነት ጊዜ ተጽፎ የተቀመጠ ሌላ መጽሐፍ ደግሞ ደራሲዋ በጃንዋሪ 1976 ካረፈች በኋላ በዚያው ዓመት ታተመ። የመጻሕፍቷ ሁሉ ሽያጭ ከሁለት ቢሊዮን ቅጂ በላይ እንደሆነ ይገመታል።

ሲኒማውም አሮጊቷን አልተወም። ከ1961 እስከ 1964 ማርጋሬት ራዘርፎርድ በአራት ፊልሞች ሠራች። ከ1984 እስከ 1992 ጆን ሂክሰን የተባለችው ተዋናይት 12ቱንም ልብ ወለዶች ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ተጫውታለች፤ ሥራውን ስትጀምር ዕድሜዋ ወደ 80 እየተቃረበ ነበር። በአሜሪካም ከ1984 እስከ 1996 አንጀላ ላንስበሪ የተጫወተችው የጡረተኛ መምህርትና ደራሲ መርማሪ ታሪክ በብዙ አገር ታይቷል። በ2020 ሪቻርድ ኦስማን ያሳተመው ልብ ወለድ ደግሞ በጡረተኞች መንደር የሚኖሩ አራት አረጋውያንን መርማሪ አድርጎ እንደገና ብዙ አንባቢ አፍርቷል። በ1928 ለመድረክ አትመችም የተባለችው አሮጊት ከተኩዋት ቆንጆ ልጅ ይልቅ ዕድሜ አገኘች።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው፣ ሰው በአጠገቡ ያለውን ዕውቀት መናቁ የቆየ ልማድ ነው። በግንባታ ሥራ ላይም ክረምት ሲገባ ውኃው በየትኛው ጥግ እንደሚቋት አስቀድሞ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ የአካባቢው ሽማግሌ፣ ውኃ ቀጂዋ ሴት ወይም ሌሊት ሲዞር የሚያድር ዘበኛ ነው። በስብሰባው ላይ ግን ከእነርሱ አንዱም አይጠራም፤ ፕላኑ ይጸድቃል፤ ክረምት ይገባል፤ መሠረቱ ውኃ ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ምርመራ ምን ያህል የረቀቀ ቢሆን፣ በመጀመሪያው ቀን በሚገባ ካለመቆጠር የመጣውን ጉዳት አይመልስም። የሴንት ሜሪ ሚዷ ሠዓሊ ግን ዕድለኛ ነበረች፤ ቆጠራዋን የሚያርሙላት ሰው በዚያው ክፍል ውስጥ ሹራባቸውን እየሠሩ ተቀምጠው ነበር።